ከመቶ ዓመት በኋላ የተገኘ ፊልም ይታጠባል ወይ?

በ2024 መገባደጃ ላይ ከኤቨረስት ተራራ በስተሰሜን፣ በሮንግቡክ የበረዶ ግግር ላይ አንድ ያረጀ ቦት ጫማ ተገኘ። ጫማው ውስጥ እግር አለ። እግሩ ላይ ካልሲ አለ። ካልሲው ላይ ደግሞ ስም የተጻፈባት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች፦ «ኤ. ሲ. ኧርቪን»። እንግሊዛዊው አንድሩ ኧርቪን ከጆርጅ ማሎሪ ጋር ወደ ተራራው ጫፍ ሲወጣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ጁን 8 ቀን 1924 ነው። ዕድሜው 22 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። 1924 ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲዞሩ የከረሙበት ዓመት ነው።)

ዜናው እንደወጣ ጥያቄው ከእግሩ ወደ ካሜራው ዞረ። ሁለቱ ሰዎች ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ይዘው እንደነበር ይታመናል። የማሎሪ አስከሬን በ1999 ሲገኝ ካሜራው አብሮት አልነበረም። ስለዚህ ኧርቪን ዘንድ ይሆናል የሚለው ግምት ጠነከረ። ካሜራው ቢገኝና ፊልሙ ቢታጠብ፣ በ1953 መጀመሪያ ጫፉን እንደረገጡ ከሚታወቁት ከኤድመንድ ሂላሪና ከቴንዚንግ ኖርጌይ 29 ዓመት ቀድመው ጫፉ ላይ ደርሰው እንደሆነ ይታወቅ ይሆናል።

ወሬው የተደበላለቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «መቶ ዓመት የቆየ ፊልም ምን ሊወጣው!» ይላል። ሌላው «በረዶ ውስጥ እስከቆየ ድረስ እንደ ትናንት ነው» ይላል። ሦስተኛውም አለ፤ «ዛሬ በኤአይ የማይወጣ ፎቶ የለም» የሚል። ሦስቱም አንድ ነገር ስተዋል። የተነሳ ፊልምን ዕድሜው ብቻ አይገድለውም፤ ብርዱም ብቻ አያድነውም። ዋናው ነገር እነዚያን ዓመቶች የት እንዳሳለፈ ነው። በዚያ ላይ የሚያጥበው ሰው ያለው አንድ ዕድል ብቻ ነው።

ያልታጠበ ፊልም ውስጥ ምን አለ?

«ፎቶ ማሳጠብ» የሚለው አባባላችን ትንሽ ያሳስታል። ሲሰሙት የተደበቀ ምስል ላይ ያለን ቆሻሻ ማስለቀቅ ይመስላል። ፊልም ሲታጠብ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ዓይን የማያየው ትንሽ ምልክት በኬሚካል ኃይል ገዝፎ የሚታይ ምስል ይሆናል።

ፊልም ማለት ጄላቲን የተቀባ ስስ ላስቲክ መሰል ነገር ነው። ጄላቲኑ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣው፣ ለምግብም የሚውለው ነው። በውስጡ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ኬሚስቶች ሲልቨር ሃላይድ ይሏቸዋል። እያንዳንዷ ቅንጣት በቢሊዮን የሚቆጠሩ የብር አቶሞች ይኖሯታል፤ ሁሉም በጨው መልክ የታሰሩ ናቸው። የካሜራው መዝጊያ ለቅጽበት ሲከፈት ብርሃን ቅንጣቷን ይመታታል። ከዚያ ሁሉ ብር ውስጥ አራት አምስት አቶም ያህል ብቻ ተላቆ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። በቃ፣ ፎቶው ይኸው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሮናልድ ገርኒና ኔቪል ሞት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች በ1938 አስረድተዋል።

ይህን ምልክት «ድብቅ ምስል» እንበለው። በማንኛውም አጉሊ መነጽር ፊልሙን ብታዩ ምንም አይታይም። የተነሳውና ያልተነሳው ፊልም አንድ ዓይነት ነው።

ዴቨሎፐር የሚባለው ኬሚካል ሥራው መምረጥ ነው። ምልክት ያለባትን ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ወደ ጥቁር ብር ይለውጣታል። ምልክት የሌለባትን ይተዋታል። ቀጥሎ ፊክሰር የሚባለው ይመጣና ያልተለወጡትን አሟሙቶ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብርሃን ቢያየው ችግር የለም። ብሩሁ ጥቁር፣ ጥቁሩ ብሩህ ሆኖ የሚታይበት ኔጌቲቭ ሆኗል።

ነገሩን ሁሉ የሚወስነው እንግዲህ ይህ ምርጫ ነው። ዴቨሎፐሩ የሚያውቀው ነገር ያችን የአራት አምስት አቶም ምልክት ብቻ ነው። ምልክቷ ከጠፋች ቅንጣቷ ብርሃን እንዳያት የሚነግረው የለም። ብርሃን ያላያት ቅንጣት በሌላ ምክንያት ምልክት ካበጀች ደግሞ ያችንም አምኖ ያጠቁራታል።

መጥፋትና መጨገግ

የቆየ ፊልም የሚጎዳው በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የምልክቱ መጥፋት ነው። እርጥበትና አየር ገብተው የተላቀቁትን የብር አቶሞች መልሰው ወደ ጨው ይቀይሯቸዋል። ቀድሞ የሚጠፋው ደካማው ምልክት ነው። ደካማ ምልክት ያለው ደግሞ ትንሽ ብርሃን ባገኘው ቦታ ነው፦ ጥላ ውስጥ ያለ ፊት፣ ጥቁር ካፖርት፣ የክፍሉ ጥግ። ብሩህ ሰማይ፣ ነጭ ሸሚዝና በረዶ ግን ጠንካራ ምልክት ስለሚተዉ ብዙ ይቆያሉ።

ሁለተኛው ጭጋግ ነው። ባለሙያዎቹም ቃሉን በዚሁ ትርጉም ይጠቀሙበታል። ሙቀት፣ አንዳንድ የኬሚካል ትነቶች፣ ከአካባቢና ከጠፈር የሚመጣ የተፈጥሮ ጨረር፣ ብርሃን ያላያቸው ቅንጣቶች ላይ ምልክት ያበጃሉ። ፊልሙ ሲታጠብ ሁሉም ቦታ ግራጫ ይሆናል። ፈጣን ፊልም፣ ማለትም ትንሽ ብርሃን የሚበቃው፣ ብዙ ብርሃን ከሚፈልገው ከቀርፋፋው የበለጠ ይጨግጋል፤ ፍጥነቱ ጥቅሉ ላይ በቁጥር ይጻፋል። ባለ 400 ቶሎ ሲበላሽ ባለ 100 ይታገሳል።

ልዩነቱ እንጀራ እየተጋገረበት በጭስ የታፈነ ማድ ቤት ውስጥ ሰው እንደመፈለግ ነው። ጭጋግ ከሆነ ሰውየው እዚያው አለ፤ የሸፈነው ጭሱ ነው። ጥሩ ስካነር ያለው ሰው ከጭሱ ኋላ ሊያየው ይችላል። ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነ ግን ሰውየው ቤቱን ለቆ ሄዷል። ጭሱን ብታወጡት ባዶ ቤት ነው የሚጠብቃችሁ።

ሁለቱንም የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። በኬሚስቶች ዘንድ አንድ የግምት ሕግ አለ፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ በ30 ዲግሪ አንድ ዓመት የተቀመጠ ፊልም፣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ 30 ዓመት ከተቀመጠው ጋር ይቀራረባል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ግን ዓመት መቁጠር ብቻውን ለምን እንደማያዋጣ ያሳያል። ብርድ የማያቆመው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ጨረር ነው። ጨረር ፍሪጅ አያግደውም።

ስዊድናውያኑና ፊኛቸው

«በረዶ ውስጥ የቆየ ፊልም» ሲባል ግምት ብቻ አይደለም ያለን። በእውነት የተሞከረ አለ።

ጁላይ 11 ቀን 1897፣ ከአድዋ ድል በዓመቱ፣ ሦስት ስዊድናውያን ሃይድሮጂን በተሞላ ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሱ። መሪው ሳሎሞን አንድሬ፣ ጓደኞቹ ኒልስ ስትሪንድበርግና ክኑት ፍሬንክል ነበሩ። ስትሪንድበርግ ፎቶ አንሺ ነው። ፊኛው ሦስት ቀን ሳይሞላው በረዶ ላይ አረፈ። ሰዎቹ ተንሳፋፊውን በረዶ እየረገጡ ከሁለት ወር በላይ ተጓዙ። በኦክቶበር መጀመሪያ ክቪትኦያ የምትባል በበረዶ የተሸፈነች ደሴት ላይ ደረሱ። እዚያው ሞቱ። 33 ዓመት ሙሉ የት እንደገቡ የሚያውቅ አልነበረም።

በኦገስት 1930 አንድ የኖርዌይ መርከብ በአጋጣሚ ደሴቷ ላይ ቆመ። አስከሬኖች፣ ማስታወሻ ደብተሮችና የካሜራ ፊልሞች ተገኙ። ፊልሞቹ ስቶክሆልም ተወስደው ጆን ሄርትስበርግ ለሚባል የፎቶግራፍ ባለሙያ ተሰጡ። በፊልሞቹ ላይ 240 ያህል ፎቶ ሊኖር ይችል ነበር። ሄርትስበርግ 93ቱን አዳነ።

ከነሱ አንዱ በጣም ይታወቃል። ፊኛው በጎኑ በረዶ ላይ ወድቋል። ሁለት ሰዎች አጠገቡ ቆመው ያዩታል። ሰማዩና መሬቱ አይለይም። ምስሉ ላይ የተበተነው ነጠብጣብ በረዶ እየጣለ ይመስላል፤ የውኃና የጊዜ ጉዳት ነው እንጂ በረዶ አይደለም። ሰዎቹ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ነጭ ላይ የቆመ ጥቁር ቅርጽ ስለሆኑ ነው። በዙሪያቸው ያለው በረዶ በብርሃን የጠገበ ነው፤ ምልክቱ አልጠፋም። ሰዎቹን የምናያቸው የበረዶው ምስል ስለቀረ ነው ማለት ይቻላል።

93 ከ240 ማለት ከአሥሩ አራት ያህል ነው። «አልቆለታል» ለሚለው መልስ ይሆናል። «እንደ ትናንት ነው» ለሚለውም ይሆናል፤ ስድስቱ ቀርተዋልና። ደሴቷ ብርድ ብቻ አልነበራትም። በየበጋው በረዶው ይቀልጣል፣ ውኃ ይገባል፣ ተመልሶ ይጋገራል። ጄላቲን ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይጣበቃል። ብርዱ ያቆየውን እርጥበቱ ነው የጎዳው።

ወደ ኤቨረስት ስንመለስ

የማሎሪና የኧርቪን ካሜራ ነው የሚባለው «ቬስት ፖኬት ኮዳክ» የሚሰኘው ነው። ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል። አንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ፎቶ ብቻ ይይዛል።

ለፊልሙ የሚያደሉ ነገሮች አሉ። የዚያ ዘመን ፊልም ቀርፋፋ ነው፤ ቶሎ አይጨግግም። ከጀርባው ወረቀት አለው፤ አብሮት ተጠቅልሎ የውስጠኛውን ዙር ከብርሃን ይጋርዳል። ፎቶው ከተነሳም የተነሳው በረዶ ላይ በጠራራ ብርሃን ነው፤ ምልክቱ ጠንካራ ይሆናል። አንድ ሌላም አለ። የዚያን ጊዜ ተራ ፊልም ቀይ ብርሃን አይታየውም። የሚያጥበው ሰው ደብዛዛ ቀይ መብራት አብርቶ ምስሉ ሲወጣ እያየ መቆጣጠር ይችላል። የዛሬ ፊልም አብዛኛው ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል፤ አጣቢው ሰዓት ቆጥሮ ከመጸለይ ሌላ ምርጫ የለውም።

የሚያሰጉም አሉ። የፊልሙ ላስቲክ ናይትሬት የሚባል ነው። ናይትሬት እያደር ራሱን ይበላል። የሚለቀው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆንና ብሩንም ጄላቲኑንም ያጠቃል። ብርድ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ከፍታው ላይ የጠፈር ጨረር ከባሕር ጠለል በብዙ ይበልጣል። የካሜራው ታጣፊ ክፍል ከተቀደደ ብርሃን ይገባል።

የኮዳክ ባለሙያዎች ሊታተም የሚችል ምስል የማግኘት ዕድል አለ ማለታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ የናይትሬቱን ጠባይና መቶውን ዓመት ያነሳሉ። ካሜራው ቀደም ሲል በቻይና ተራራ ወጪዎች ተገኝቶ ፊልሙ ሲታጠብ ተበላሽቷል የሚል ወሬም አለ፤ እስካሁን ማረጋገጫ አልቀረበለትም።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር አንድ ቀዳሚ ጥያቄ የዘለለ ይመስላል፦ ካሜራው ያለው የት ከፍታ ላይ ነው? የማሎሪ አስከሬን የተገኘው ከ8,100 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሁሌም ብርድ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። የማሎሪ ቆዳ ከ75 ዓመት በኋላ እንደ ዕብነ በረድ ነጭ ሆኖ ነበር የተገኘው። የኧርቪን እግር ግን የተገኘው ከዚያ በጣም ወርዶ፣ የበረዶ ግግሩ ላይ ነው። ግግር ይንቀሳቀሳል፣ ይፈጫል፣ በበጋ ይቀልጣል። እግሩ የታየውም በረዶው ስለቀለጠ ነው። ካሜራው ከአስከሬኑ ጋር አብሮ ወርዶ ከሆነ ተጨፍልቆና ውኃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የካልሲውን ዜና ለፊልሙ እንደ ምሥራች ወሰደው። ለፊልሙ ግን ክፉ ዜና ነው።

አንዴ ብቻ የሚታጠብ ነገር

በአሮጌ ፊልም ዙሪያ በብዛት የሚጠቀስ አንድ ሕግ አለ፦ «ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት አንድ ስቶፕ ጨምር።» ስቶፕ ማለት ፎቶ አንሺዎች የብርሃን መጠን የሚለኩበት እርከን ነው፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ሕጉ ጊዜው ያለፈበት ግን ገና ያልተነሳ ፊልም ካሜራ ውስጥ ከትቶ ለሚያነሳ ሰው ነው። ፊልሙ ደክሟልና ብርሃን ጨምርለት ማለት ነው።

ችግሩ ይህን ምክር ከ30 ዓመት በፊት ለተነሳ ፊልም የሚያውሉት መብዛታቸው ነው። «30 ዓመት ስለሆነው ሦስት ስቶፕ አስረዝመህ እጠበው» ይባላል። ይህ አይሠራም። ብርሃኑ የገባው ያኔ ነው፤ ዛሬ የሚጨመርለት ብርሃን የለም። ዴቨሎፐር ውስጥ ማቆየት ደካማውን ምልክት በጥቂቱ ያግዝ ይሆናል። ጭጋጉን ግን እኩል፣ አንዳንዴም አብልጦ ያጎላዋል።

ልምድ ያላቸው አጣቢዎች መንገድ ሌላ ነው። ጭጋግ በማነስ የሚታወቅ ዴቨሎፐር ይመርጣሉ፤ ኤችሲ-110 የሚባለው በዚህ ይወደዳል። አንዳንዶቹ ኬሚካሉን ቀዝቀዝ ያደርጉታል። ጭጋግ የሚገታ ቤንዞትራያዞል የሚባል ነገርም ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ግን ሐሳባቸው ይለያያል። ጭጋግ የሚገታው ኬሚካል ደካማውን ምልክትም ይገታል። አንዱ ወገን «ጥርት ያለ ኔጌቲቭ ይሻላል» ይላል። ሌላው «ያለው ሁሉ ይውጣ፣ ጭጋጉን ስካነር ይወጣዋል» ይላል። ፎቶ በእጅ በሚታተምበት ዘመን የመጀመሪያው ትክክል ነበር፤ የጨገገ ኔጌቲቭ ወረቀት ላይ በቀላሉ አይታተምም ነበርና። ጥሩ ስካነር ባለበት ዛሬ የሁለተኛው ሚዛን ይደፋል። ጭጋግ ውስጥ ያለን ምስል በኋላም መፈለግ ይቻላል። ኬሚካሉ ውስጥ የቀረን ምስል ግን ማንም አያመጣውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሙከራ አለ። የጥቅሉ ጫፍ በጨለማ ይቆረጥና እሱ ብቻ ይታጠባል። ውጤቱ ታይቶ የቀረው ይወሰናል። በ36 ፎቶ ጥቅል ላይ አንድ ሁለት ፎቶ መስዋዕት ቢሆን ብዙ አያሳዝንም። ስምንት ፎቶ ብቻ ባለው ፊልም ላይ ግን የምትቆረጠዋ ቁራጭ ዓለም ሲጠብቃት የኖረችው ፎቶ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ መጀመሪያ የዚያኑ ዘመን ሌላ ፊልም ፈልጎ በእሱ መለማመድ ያስፈልጋል።

የተገኘበትን ሁኔታ አለመቀየርም ደንብ ነው። በረዶ ውስጥ የተገኘ በረዶ ሆኖ ይጓዛል። እርጥብ የተገኘ ቀዝቃዛ ንጹህ ውኃ ውስጥ እንደረጠበ ይቆያል። ውኃ የነካውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ «ማድረቅ» ጥቅሉን እንደ ሙጫ አጣብቆ አንድ ድንጋይ ማድረግ ነው።

ባለ ቀለም ሲሆን

ቀለም ያለው ፊልም የራሱ ጣጣ አለው። ኮዳክሮም የሚባለው ስላይድ ፊልም በ1935 ወጥቶ በ2009 ምርቱ ቆመ። ቀለሙ ፊልሙ ውስጥ አልነበረም፤ በማጠቢያው ኬሚካል ነበር የሚገባው። ኬሚካሉ ሲቀር ቀለሙም ቀረ። በዓለም የመጨረሻው የኮዳክሮም ማጠቢያ በአሜሪካ ካንሳስ ያለ ቤት ነበር፤ እስከ 2010 ማብቂያ ተቀብሎ ዘጋ። ዛሬ የተገኘ የኮዳክሮም ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ በጥቁርና ነጭ ነው የሚታጠበው። የሰርጉ ቀሚስ ምን ቀለም እንደነበረ ከቤተሰብ መጠየቅ ነው።

ከ1972 በፊት የተሠሩ የኮዳክ ባለ ቀለም ኔጌቲቮች ደግሞ ሲ-22 በሚባል፣ በ24 ዲግሪ አካባቢ በሚከናወን ዘዴ ይታጠቡ ነበር። የዛሬው ሲ-41 ዘዴ 38 ዲግሪ ነው። የድሮውን በዛሬው ማሽን ማስገባት ጄላቲኑን ከላስቲኩ ሊያላቅቀው ይችላል፤ የማሽኑ ባለቤትም አያመሰግናችሁም። ሲ-41 ራሱ ግን ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ኮመዲኖ ውስጥ ያለው ጥቅል

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኛ ቤቶች መልካም ዜና ነው። በአገራችንም በውጭ ባሉ ወገኖቻችንም ቤት የቀሩት አብዛኞቹ ያልታጠቡ ጥቅሎች ዲጂታል ካሜራና ሞባይል ከመስፋፋታቸው በፊት የተነሱ ባለ ቀለም ኔጌቲቮች ናቸው፦ የምርቃት፣ የክርስትና፣ የሰርግ ማግስት። ጥቅሉ ላይ «ሲ-41» የሚል ከተጻፈ መንገዱ ክፍት ነው።

የት ከተማ እንደቆየም መጠየቅ ያዋጣል። አዲስ አበባ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ 25 ዓመት የተኛ ፊልም፣ ድሬዳዋ ወይም ጂዳ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አሥር ዓመት ካሳለፈው ሊሻል ይችላል። ካሜራ ውስጥ የተረሳ ፊልም ከሆነ ጀርባውን ከመክፈት በፊት ፊልሙን መልሶ መጠቅለል ነው። ብዙ ፊልም ከአሥርት ዓመታት ተርፎ «እስቲ ልየው» ባለ ሰው እጅ የተቃጠለው እዚህ ጋ ነው። እስኪታጠብ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ነገር ግን አየር በማያስገባ ላስቲክ ታስሮ። ሲወጣም ላስቲኩ ከመፈታቱ በፊት ክፍሉን እስኪለምድ ይጠበቃል፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ሌላው አደጋ ጉዞው ነው። ብዙ ሰው አሮጌ ጥቅል በዘመድ እጅ ዋሽንግተን ወይም አውሮፓ ይልካል። የአውሮፕላን ጣቢያ ኤክስሬይ፣ በተለይ ሻንጣ የሚፈተሽበት ጠንካራው፣ ያልታጠበ ፊልም ላይ ጭጋግ ይጨምራል። በቅርብ ዓመታት ለእጅ ሻንጣም የገቡት ሲቲ የሚባሉት መፈተሻዎች ደግሞ በአንድ ዙር ፊልም ሊያበላሹ እንደሚችሉ ኮዳክ አስጠንቅቋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥቅሉን ለብቻው በሚያሳይ ላስቲክ ይዞ «በእጅ ይፈተሽልኝ» ብሎ መጠየቅ። ፈቃዱ የፈታሹ ነው።

የሞተ ሰው ፎቶ ማን ይምረጥለት?

አሜሪካዊው የመንገድ ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ በ1984 ሲሞት 2,500 ያህል ያልታጠበ ጥቅል ትቶ ሄደ። ስንፍና ብቻ አልነበረም። ሲያነሳ የተሰማው ስሜት ምርጫውን እንዳያዛባበት ፊልሙን ሆን ብሎ ያቆየው ነበር። ከሞቱ በኋላ ሌሎች አጥበው፣ መርጠው፣ አትመው አሳዩ። «ራሱ ያላያቸውን ፎቶዎች በስሙ ማቅረብ አግባብ አይደለም» ያሉ ነበሩ። «ሣጥን ውስጥ ከሚበሰብሱ ይታዩ» ያሉም ነበሩ። የቺካጎዋ ሞግዚት ቪቪያን ማየር በ2009 ስታርፍም እንዲሁ ብዙ ያልታጠበ ፊልም ትታለች፤ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል። ፊልሙን በጨረታ የገዛ ሰው ዕቃውን ገዛ እንጂ መብቱን ገዛ ማለት አይደለም።

የማይታወቅ ቤተሰብ ጥቅል አጥቦ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅም ከዚሁ ጥያቄ አይወጣም። ሕግ ባይከለክል እንኳ ፎቶው ላይ ያሉት ልጆች ዛሬ በሕይወት ያሉ ጎልማሶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ምስሉ ቢወጣስ?

«ኤአይ ያወጣዋል» የሚሉት ላይ እንመለስ። ኤአይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጠው የጎደለውን ከሚያውቃቸው ሚሊዮን ፎቶዎች ተነስቶ ይሞላል። ለአያት ፎቶ ይህ ያስደስት ይሆናል፤ ዓይኑ የአያት ዓይን መሆኑን ግን ማንም አያረጋግጥም። ለኤቨረስቱ ፊልም ደግሞ ገደል ነው። ጥያቄው ሰዎቹ ጫፉ ላይ ቆመዋል ወይ ነው። የተራራ ጫፍ ፎቶ አይቶ የሚያውቅ ማሽን የጨገገ በረዶ ቢሰጡት ጫፍ ሊያበጅለት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ምንም ያልተነካካው ስካንና ኔጌቲቩ ራሱ ነው፤ ነጠብጣቡም እንዳለ።

ንጹሕ ፎቶ ቢወጣ እንኳ ንባቡ ቀላል አይሆንም። ጫፉ ላይ የተነሳ ከሆነ ከበስተጀርባ የሚታዩት ሸንተረሮች ቦታውን ይናገራሉ። ያን ቀን ግን ተራራው ላይ ደመና ነበር። ከደመና ውስጥ የተነሳ ፎቶ የበረዶ ክምርና አንድ ሰው ብቻ ቢያሳይ፣ የጫፉ ይሁን ከሁለት መቶ ሜትር በታች ለመለየት ያስቸግራል። ፊልሙ ባዶ ቢሆንስ? ባዶነቱ ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፦ አላነሱም፣ ወይም አንስተው ምልክቱ ጠፍቷል። ድብቅ ምስል ከጠፋ በኋላ ፈጽሞ ካልነበረው የሚለይበት ምንም መንገድ የለም።